ቅሬው ለቋሚም ይድረስ

መካነ ሰላም ላይ ሰው ሲሞት ማንም ማንንም አይለምንም። ቅሬው ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይመጣል፣ ሴቶቹ እንጀራውን ይዘው ይደርሳሉ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሀብታም ይሁን ድኻ፣ ቅሬተኛው አብሮ ይቀብረዋል።

ሰው ግን የሚቸገረው ሲሞት ብቻ አይደለም። ደብተር አጥታ ከትምህርት የቀረች ልጅ አለች። በሬው የሞተበት አራሽ አለ። ሐኪም ቤት መሄጃ ያጣች ወላድ አለች። ለእነዚህ ጎረቤት የአቅሙን ይደጉማል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን «መንግሥት ወይም ድርጅት ይምጣ» ብለን እንቀመጣለን።

ይህ መጠበቅ ከየት መጣ? በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ የወሎ ስም በዓለም የተሰማው በተዘረጋ እጅ ነው። ከሁለተኛው በኋላ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት መጣ። ከዚያም በፊት ካርል በም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ከእያንዳንዱ ተመልካች አንድ ማርክ ጠየቀ። ከዚያች ማርክ የተወለደው «ሰዎች ለሰዎች» ኋላ የእኛው ቦረና ወረዳ ድረስ መጥቶ ሠርቷል። ውለታው አይካድም። ችግሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ ሁልጊዜ ተቀባዮች መሆናችን ነው።

ሌላ ታሪክም አለን፤ ብዙ አናወራውም እንጂ። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1900 ወሎ ተወልዶ ሐረር ያደገ ሰው ነው። አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ፣ ሕክምና ተማረ፤ ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን ስትወር ንጉሠ ነገሥቱ እርዳታ እንዲያሰባስብ ወደ አሜሪካ ላኩት። እዚያ ሲደርስ ለኢትዮጵያ የሚያዋጣው ጥቁር ብዙ ነበር፤ ግን ሁሉም በየፊናው ነበር። መላኩ ይህን የተበተነ ልግስና በአንድ ጥላ ሥር ለማሰባሰብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ። ፌዴሬሽኑ የቆመው በየሰፈሩና በየከተማው በተከፈቱ ቅርንጫፎች ነው፤ እስከ ጃማይካ ድረስ ተዘርግቷል። አዋጪዎቹ ባለጠጎች አልነበሩም። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር፣ ጥቁር ሠራተኛ ደግሞ ከሥራ የሚባረረው ቀድሞ ነው። መላኩ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ሲሞት ገና 40 ዓመቱ ነበር፤ የአገሩን ነፃነት አላየም። ከድል በኋላ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ለእነዚያ ወገኖች ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ የወሎ ልጅ ለድኾች «ስጡ» ብሎ ሄደ፤ እነሱም ሰጡ። የሰጡት ስለተረፋቸው አይደለም። ጉዳዩ የራሳቸው ስለሆነና ገንዘቡ በሚያውቁት ሰፈር፣ በሚያውቁት ሰው እጅ ስለተሰበሰበ ነው።

ገንዘብ ለሕዝቡ ሲሰጥ ይባክናል የሚል ካለ የክልላችንን ተሞክሮ ይመልከት። በፊንላንድ ድጋፍ ይሠራ የነበረው የአማራ ክልል የገጠር ውኃ ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ አዲስ ነገር ሞከረ። የውኃ ጉድጓዱን ገንዘብ ለተቋራጭ መስጠቱን ትቶ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ መስጠት ጀመረ። ሲሚንቶውን የሚገዛው ኮሚቴው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ሆነ። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ አቀረበ፣ ጉልበቱን ጨመረ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አጠራቀመ። አሠራሩ ስለሠራ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅሬ ከቀብሩ ሣጥን የተለየ አንድ የቋሚዎች ሣጥን ይክፈት። የወር መዋጮው ማንም የማይከብደው ትንሽ ይሁን። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ የቦረና፣ የሳይንትና የወግዲ ልጆች ችግር በተሰማ ቁጥር በየስልኩ ከመላክ ቅሬው ባዋጣው ልክ እኩል ያዋጡ፤ እናትየው አሥር ብር ስትጥል ልጇም አሥር ይጣል። ከዚያ ሰፈሩ ራሱ ማን ይቅደም ብሎ ይወስን። ለማን ስንት እንደወጣ በቅሬው ስብሰባ ፊት ይነበብ። የተቸገረው ስም እንዳይነሣ ከተፈለገም «ለአንዲት ተማሪ» ማለት ይበቃል፤ ሒሳቡ ግን አይደበቅ።

«በዚህ ኑሮ ውድነት፣ በዚህ ጦርነት መሐል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ብዙ ቤት ለራሱም አልበቃም። ግን ቅሬው በዚህ ሁሉ መሐል ሰው መቅበሩን አላቆመም። ሙታንን በክብር የሚሸኝ ሕዝብ፣ ሕያዋንን የሚያቆምበት አቅም የለኝም ሊል አይችልም። ድንኳኑ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ መተማመኑም አለ። የቀረው ሰው ከመሞቱ በፊት መጠራራት ነው።