ውሃ በይጁቤ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

በአገራችን ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቀዋል። በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሞ ጽፎታል፤ ትክክል ተብሎም ማርክ አግኝቶበታል። ይሁን እንጂ በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ ከእርሷ በስተደቡብ ወደ ዓባይ አቅጣጫ በምትገኘው በይጁቤ፣ ክፍት በሆነ ዕቃ የተጣደ ንጹሕ ውሃ በ100 ዲግሪ ፈልቶ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ስለምትገኝ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይጁቤም ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ በመሆኗ ከዚህ ብዙ አትርቅም። የሰባትና የስምንት ዲግሪ ልዩነት ደግሞ ማንኛውም ተማሪ በማንኛውም ቴርሞሜትር ላይ በዓይኑ ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ታዲያ ይህን ያህል ግልጥ የሆነ ነገር ከትምህርት ቤቶቻችን እንዴት ተሰውሮ ኖረ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

መቶ የሚለው ቁጥር ምንጩ የታወቀ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንደርስ ሴልሲየስ በ1742 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያቀርብ ሁለት ቋሚ ነጥቦችን መረጠ፤ አንደኛው በረዶ የሚቀልጥበት፣ ሁለተኛው ውሃ የሚፈላበት ነው። (እርሱ ዜሮን ለሚፈላው፣ መቶን ለሚቀልጠው ሰጥቶ ነበር፤ ቁጥሮቹ የተገለበጡት ከእርሱ በኋላ ነው።) በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በአየር ግፊት መለዋወጥ የማይናወጥ መሆኑን፣ ውሃ የሚፈላበት ግን ከባሮሜትሩ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑን ያውቅ ነበርና፣ ሁለተኛውን ነጥብ ሲወስን የባሮሜትሩን መጠን አብሮ ደነገገ። እንግዲህ «መቶ» የተወለደው ከነግዴታው ነው። ቁጥሩ ከስዊድን ተነሥቶ ጎጃም ሲደርስ ግዴታው መንገድ ላይ ቀረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ግዴታው በዚህ አገር ቀድሞ በሥራ ላይ የዋለ መሆኑ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ በይጁቤ ይቆም ነበር፤ ከእናርያ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱና ወርቁ፣ ያንጊዜ እንደ ዕቃ ይሸጥ የነበረው ምስኪን ባሪያም ጭምር ይመጣ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርድ ነበር። ይህን ገበያ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ጽፎበታል። በዚያው ዘመን፣ በ1843 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ እናርያ ገብቷል። ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲመላለስ የያዘው አንዱ መሣሪያ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ነበር። የሥራው መንገድ ቀላል ነው፤ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ በወጡ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መንገደኛው ውሃውን አፍልቶ ዲግሪውን ያነብና የተራራውን ከፍታ ያሰላል። አውሮፓዊው ሊቅ በእኛ ተራራ ላይ ውሃ ያፈላ የነበረው ከመቶ በታች እንደሚፈላ ስለሚያውቅ፣ ያም ልዩነት ዕውቀት ስለሆነለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ምድር ለተከፈተው የሳይንስ ክፍል ግን ያው ልዩነት ስሕተት ሆነ።

ይህ የሆነው የጎጃም ሰው በራሱ መመርመር የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ጎጃም የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ፣ ይልቁንም የሰው ቅኔ፣ ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ ያፍርበታል፤ በየዕለቱ የራሱን መቍጠር ግዴታው ነው። መምህሩም የሚያርመው ተማሪው ራሱ ያመጣውን ነው። ዘመናዊው የሳይንስ ክፍል ከዚህ ልማድ ጎን ሲቆም፣ በአሳብ ደረጃ ወንድሙ መሆን ሲገባው፣ በሥራ ግን የቃል ጥናት ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ1950ዎቹ መምህር በጠፋበት ጊዜ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶችን ካገዙት መካከል በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የገቡት 280 ገደማ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። አንዳንዶቹ የማስተማሪያ ዕቃ ከቆርቆሮና ከጠርሙስ መሥራትን ያውቁ ነበር። ዩኔስኮ ጦርነት ያወደማቸውን ትምህርት ቤቶች በማሰብ ከተዘጋጀ አነስተኛ ጽሑፍ ተነሥቶ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሳይንስ መምህራን መጽሐፍ ስለዚሁ ነገር የተሰናዳ ነው፤ የላቦራቶሪ ዕቃ የሌለው መምህር ከወጥ ቤትና ከገበያ በሚገኝ ነገር እንዴት ሙከራ እንደሚያሳይ ገጽ በገጽ ይናገራል። ከአብዮቱ በኋላም የአውራጃ ፔዳጎጂካል ማዕከላት ተቋቁመው ከእንጨት፣ ከካርቶንና ከሽቦ የመርጃ መሣሪያ ሲሠሩ ኖረዋል።

ነገር ግን ዕቃው ቢገኝም ፍርዱ የሚሰጠው በፈተናው ነበር። ፈተናው ደግሞ ለመላው አገር አንድ ነበር፤ ምጽዋ ላይ የተቀመጠውም ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀመጠውም ያንኑ መልስ ያጠቁር ነበር። ምጽዋ ላይ መልሱ እውነት ነው። ቋንቋውም ሌላ ግድግዳ ነበር፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አንደኛ ደረጃው በአማርኛ ሲሆን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያለው በእንግሊዝኛ ስለነበረ፣ ተማሪው «በባሕር ወለል የአየር ግፊት» የምትለውን ሐረግ በመጽሐፉ ውስጥ ቢያገኛት እንኳ እንደ ጌጥ ቈጥሮ ያልፋት ነበር። የጥያቄው ቁልፍ ግን በእርሷ ላይ ነው።

እኔ ሰባተኛ ክፍል የነበርሁት በ1990ዎቹ፣ በባሶ ሊበን አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ቴርሞሜትር ነበረው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን መምህራችን የወተት ዱቄት ጣሳ በከሰል ምድጃ ላይ ጥደው ሙከራውን አሳዩን፤ ይህም በዚያ ዘመን ከብዙዎች የሚሻል ትጋት ነበር። ውሃው ተንተከተከ፤ ተራ በተራ ቀርበን አነበብን፤ ቀዩ መስመር ከ92 አልፎ ከ93 ሳይደርስ ቆመ። ምድጃው ተራገበ፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። መምህራችን ቴርሞሜትሩን አገላብጠው ካዩት በኋላ «አርጅቷል» አሉና 100 ብለን እንድንጽፍ አዘዙን። ያን ዕለት ከአርባ በላይ ልጆች ስለ ውሃ የተማሩት ትንሽ ነው፤ ስለ ዓይናቸው ግን ብዙ ተምረዋል፤ ዓይንና መጽሐፍ ሲጣሉ ዓይን እንደሚረታ። መምህሩንም አልወቅስም፤ የተሰጣቸው መጽሐፍና የሚመጣው ፈተና ሌላ በር አልተወላቸውም።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ከደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ንጹሕ ቤተ ሙከራ፣ የሚያበራ ብርጭቆ፣ የማይሳሳት ሙከራ አየን። የፕላዝማው ትምህርት ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ቢያንስ የዕቃዎቹን መልክ አሳይቷልና ጥቅሙን አልክድም። ይሁን እንጂ በመስኮት የታየ ሙከራ መልሱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ተማሪው «በእኛ ዘንድስ?» ብሎ የሚጠይቅበት ደቂቃ አልነበረም። (የዚያች አገር ትልቅ ከተማ ጆሐንስበርግም ከ1,700 ሜትር በላይ ናትና በእርሷም ውሃ በ100 አይፈላም።)

የሙያ ባልደረቦቼ ይህን የልጆች ጉዳይ ነው እንዳይሉ በእኛው ሥራ የሚሆነውን ላስታውስ። የአየር ግፊት በባሕር ወለል ውሃን በመምጠጥ ቢበዛ 10.3 ሜትር ያወጣል፤ በደብረ ማርቆስ ከፍታ ግን ስሌቱ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የቧንቧው ፍትጊያና የውሃው እንፋሎት ሲቀነስለት በሥራ ላይ የሚገኘው ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ፓምፕን ከካታሎግ ገልብጦ የሚተክል ሰው ጉድጓዱን ደረቅ ነው ሊል ይችላል። ተርቦ የሌለው የዲዝል ጄኔሬተር በዚህ ከፍታ ከተጻፈበት ኃይል አምስተኛውን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም ደረጃ በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር የተወሰነ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማስተካከያ ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለችው ያችው የተዘለለች ሐረግ ናት። በግንባታ ቦታ የኮንክሪት ናሙና ውጤት ከተጠበቀው ሲያንስ «መሣሪያው አርጅቷል» የሚለውን ቃል የሰማሁ ጊዜ ድምፁ አዲስ አልሆነብኝም።

እናቶቻችን ነገሩን በሌላ በኩል ያውቁታል፤ የደጋ ባቄላና ሽንብራ ውሎ ቢንተከተክም ቶሎ እንደማይበስል፣ አስቀድሞ መዘፍዘፍ እንዳለበት። ምክንያቱን በቁጥር የሚነግራቸው ግን ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሊሆን ይገባ ነበር።

ቴርሞሜትሩ አርጅቷል ወይስ አላረጀም የሚለውን ክርክር ለመፍታት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። በሐምሌና በነሐሴ በጎጃም ደጋ በረዶ ይወርዳል። ልጆች የለቀሙትን በረዶ በኩባያ አድርጎ፣ መቅለጥ ሲጀምር ቴርሞሜትሩን መካከል መትከል ነው። ሴልሲየስ ራሱ እንዳረጋገጠው የበረዶ መቅለጫ በከፍታ አይለወጥምና መስመሩ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ዜሮ ላይ ከቆመ በኋላ በዚያው ሰዓት በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ውስጥ 92 ወይም 93 ካሳየ፣ መሣሪያው ደኅና ነው ለማለት በቂ ምክንያት አለን፤ መጠየቅ ያለበት መጽሐፉ ነው። ቴርሞሜትሩ የጣሳውን ታች እንዳይነካ መጠንቀቅ ብቻ ይበቃል።

ትልቁ ሙከራ ግን ከዓባይ በረሃ ላይ ይገኛል። በ1648 እ.ኤ.አ. ፍሎረን ፔርየ በዘመዱ በብሌዝ ፓስካል ምክር የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ፤ ሜርኩሪውም ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ አለ። ሌላውን ቱቦ ከታች በገዳሙ ትቶት ነበር፤ አንድ መነኵሴ ቀኑን ሙሉ እየተመለከቱ አለመለወጡን መሰከሩ። ፔርየ የወጣው 1,000 ሜትር ያህል ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከዚህ ይበልጣል፤ ከላይ በ92 ገደማ የሚፈላው ውሃ ድልድዩ ዘንድ በ97 ገደማ ይፈላል። አንድ ክፍል ከነምድጃውና ከነመምህሩ ደጀን ይቅር፤ ሌላው በአውቶቡስ ይውረድ። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ጣሳቸውን ይጣዱ፤ ያነበቡትንም በስልክ ይነጋገሩ። ቴርሞሜትሮቹን በመለዋወጥ ደግሞ በማግሥቱ ይድገሙት።