ቅጠል መሳዩ ዓሣ

ደካማ ፍጥረት መታገል ባይችል ይሸሻል፤ መሸሽም ባይችል ይሰወራል። በአውስትራልያ ደቡባዊ ባሕር ዳርቻ ለሚኖረው ለቅጠላማው የባሕር ዘንዶ የተሰጠው መሰወር ብቻ ነው።

ይህ ዓሣ ዘንዶ ይባል እንጂ የባሕር ፈረስ ዘመድ ነው፤ ርዝመቱም እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጥርስም ጨጓራም የለውም፤ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረቶችን በረጅሙ አፉ እየመጠጠ ይኖራል። በሰውነቱ ላይ ቅጠል የመሰለ ነገር ስለ ተንጠለጠለ፥ በባሕር አረም መካከል ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ ላየው ሰው አረም እንጂ ዓሣ አይመስልም። 250 ያህል እንቁላል በጅራቱ ሥር ተሸክሞ እስኪፈለፈል ድረስ የሚጠብቀው አባትዮው ነው።

አልበርት ጉንተር የተባለው የእንስሳት ሊቅ በ1865 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስለዚህ ዓሣ ጽፎ በሊቃውንት ዘንድ የሚታወቅበትን ስም አወጣለት። ከባሕር ጠላቶቹ ይሰውረው የነበረው ልብስ ግን ከሰው ዓይን ሊሰውረው አልቻለም። ጠላቂዎች አዩት፤ ባዩትም ጊዜ አደነቁት፤ አንዳንዶቹም በመስተዋት ገንዳ ሊያኖሩት እየያዙ ይወስዱት ጀመር። ወጣቶች ሆይ፥ ልብ በሉ! ይህን ዓሣ ለአደጋ ያጋለጠው ጥላቻ አልነበረም፤ ያማረውን ሁሉ የራሴ ካላደረግሁ የሚል ፍቅር ነው እንጂ።

ስለዚህ የደቡብ አውስትራልያ መንግሥት በ1987 ዓሣውን ማንም እንዳይዘው በሕግ ከለከለ፤ የምዕራብ አውስትራልያም በ1991 ይህንኑ አደረገ። ደቡብ አውስትራልያ ዓሣውን የባሕሯ ምልክት እንዲሆን መርጣዋለች።

ይሁን እንጂ ሕግ የሌባን እጅ ይይዛል እንጂ የፈረሰ ቤት አይሠራም። የባሕር አረምና የባሕር ሣር ለዚህ ዓሣ ቤቱም ልብሱም ነው፤ እነርሱ ከጠፉ የሚመስለው ነገር ስለማይኖር መሰወሩ ከንቱ ይሆናል። ከአዴሌድ ከተማ የሚወርደው ፍሳሽና የጎርፍ ውሃ ግን ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ በዳርቻው የነበረውን ከ5,000 ሄክታር የሚበልጥ የባሕር ሣር አጥፍቷል። ያን ፍሳሽ የለቀቀው ሰው ዓሣውን በእጁ አልነካውም፤ ምናልባትም ስሙን ሰምቶ አያውቅም።

እንግዲህ የምትወዱትን ነገር ባያችሁ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ። የምወደው ልወስደው ነው ወይስ እንዲኖር? የሚኖርበትንስ ስፍራ ሳላውቅ እያጠፋሁበት አይደለምን? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሕግ ሊያስገድደን ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ራሱን የሚመረምር ሰው ካልሆነ በቀር የሚጠይቀው የለም።