የመንዝ ሕዝብ፥ አስተዳደሩና የጓሳ ሣር

የአንድን አገር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የነገሥታቱን ስምና የጦርነቱን ዘመን ይቈጥራል። እኛ ግን ለዚህ የበዓል መጽሔት ስለ መንዝ ስንጽፍ፥ ሕዝቡ በመንደሩና በግጦሹ ላይ ራሱን እንዴት ያስተዳድር እንደ ነበረ ለመግለጽ መርጠናል። ለዚህም ከጓሳ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ደጋ አገር ነው። ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር እየተባለ በሦስት ይከፈላል። ስሙም አገሩን መጀመሪያ ካቀኑት አባቶች፥ ከማማ፥ ከላሎና ከጌራ የመጣ መሆኑን ሽማግሌዎች ያወሳሉ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነጋሢ ክርስቶስ ከአጋንቻ ተነሥቶ ግዛቱን አሰፋ፤ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ ያሉት የሸዋ ነገሥታትም ትውልዳቸውን ከእርሱ ይቈጥራሉ። የሦስቱ ምድሮች ስም ዛሬም በወረዳዎቹ ስም ይኖራል። የጌራ ምድር ከተማ መሐል ሜዳ፥ የማማ ምድር ደግሞ ሞላሌ ነው።

አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ የሕዝቡ ኑሮ በገብስና በበግ ላይ የቆመ ነው። የመንዝ በግ በጠጕሩ የታወቀ ነው። ሴቶች ጠጕሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ከዚህም ባና፥ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። ቤቱ በድንጋይ ይካባል፤ ክዳኑ ሣር ነው። የከበደ ሥራ በደቦ ይሠራል፤ ኀዘን በዕድር፥ ደስታና ጸሎት ደግሞ በማኅበር ይካፈላል። እንግዲህ አብሮ መሥራትና አብሮ መወሰን ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

መሬቱ ርስት ነበር። ማንኛውም ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ የዘር ቈጠራ እንደ ጨዋታ የሚታይ አልነበረም፤ የመሬት ማስረጃ ነበር። በመንደሩ ግብሩን የሚሰበስበውና ትእዛዙን የሚያደርሰው ጭቃ ሹም ነበር። በ1934 ዓ. ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃ፥ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ትንንሹን ክርክር የሚያይ አጥቢያ ዳኛ ተሠየመ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሕዝቡ ራሱ ያቆመው ሌላ ሥርዐት ነበረ፤ ይኸውም የጓሳ አጠባበቅ ነው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛ በክረምት የሚለብሰው ገሳም ይሠራበታል። ድርቅ ሲመጣ የከብት መጠጊያ ይኸው ቦታ ነው። ቦታውን ለይተው ያቆዩት አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች ናቸው ይባላል፤ ድርሻቸውንም በፈረስ ሽቅድምድም እንደ ለዩ ይተረካል።

የአጠባበቁ ሥርዐት ቄሮ ይባል ነበር። ባለርስቶቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃው ሣሩን ይጠብቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ቦታው እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ይነገርና በበጋ አጨዳው ይጀመራል። ከአጨዳው በኋላ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ ቦታው ተመልሶ ይዘጋል። ሥርዐቱን ያፈረሰ ብርቱ ቅጣት ይደርስበት ነበር። ይህን ሕግ ያጸናው ከሩቅ የመጣ ጦር አይደለም፤ ሣሩን የሚያጭደው ሰው ራሱ ጠባቂ ስለ ሆነ ነው።

ሆኖም እውነቱን ለመናገር ሥርዐቱ ጉድለት ነበረበት። ከአስቦና ከጌራ ትውልድ ያልሆነ ሰው፥ ጎረቤት ሆኖ ቢኖርም እንኳ፥ ከጓሳ መብት አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር የትውልዱም መብት ቀረ፤ ቄሮም ኀይሉን አጣ። በር ለሁሉ ተከፈተ፤ ግን በሩን የሚዘጋው ሰው ጠፋ። ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ፥ ከብቱም ያለ ወቅቱ ይገባ ጀመር።

ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየም። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ወኪሎቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቆሙ፤ የመክፈቻና የመዝጊያውንም ልማድ መለሱ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው። መብቱ እንደ ቀድሞው በዘር ቈጠራ የሚገኝ አይደለም፤ ነዋሪነትና ሕግ አክባሪነት ይበቃል። በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚሁ ሣር መካከል ይኖራሉ።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ የአባቶች ሥርዐት ሁሉ እንዳለ መያዝ የለበትም፤ ጎረቤትን የሚያገል ሲሆን ይታረማል። ሁለተኛው፥ ጉድለቱን እናርማለን ሲሉ ጥበቃውን ጨርሶ መጣል ለሁሉም ጕዳት ነው። ነገ ከብት ይዘን ወደ ጓሳ የምንወጣው፥ በኮሚቴውም ወንበር የምንቀመጠው እኛው ነን። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሳሉ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፈው፤ ቦታው በተዘጋ ጊዜም ማጭዳችንን ከቤታችን አናውጣ።