75 ዋት፦ የግራፊክስ ካርድ ታሪክ ለቢቸናና ለሞጣ ልጆች

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ከቢቸናም ከሞጣም በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ያገለገለ ዴል ኮምፒውተር አለኝ፤ ጌም እንዲያጫውተኝ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ከጠያቂዎቹ አንዱ ሁለት ኮምፒውተር ይዞ ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ልጅ ነው። ብሩን አባቱ ናቸው ጤፍ ሸጠው የሰጡት። እንዲህ ዓይነት ብር ሁለት ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የካርድ ስም ብቻ ጽፌ ከምሸኛችሁ ታሪኩን ልንገራችሁ። ታሪኩን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይሸወድም።

የግራፊክስ ካርድ ታሪክ ምን መሰላችሁ? የመብራት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ «ቩዱ» የተባለ ካርድ አወጣ። ካርዱ ተራውን የኮምፒውተር ስክሪን እንኳ ለብቻው ማሳየት አይችልም ነበር፤ ከሌላ ካርድ ጋር በገመድ ተያይዞ የስሪዲ ጌም ሲከፈት ብቻ ነው የሚሠራው። የሚበላው መብራት ግን ትንሽ ነበር። በዚያን ጊዜ የማዘርቦርዱ ፒሲአይ ስሎት ቢበዛ 25 ዋት ነበር የሚሰጠው፤ ለካርዱ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንቪዲያ ጂፎርስ 256ን ይዞ መጣና «ጂፒዩ» የሚለውን ስም ለዓለም አስለመደ።

ፉክክሩ ሲጦፍ የካርዶቹ ጥማትም ጨመረ። ስሪዲኤፍኤክስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ቩዱ 5 ላይ ከፓወር ሰፕላይ በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ሰካበት። አራት ቺፕ ለተሸከመው ለቩዱ 5 6000 ደግሞ ከግድግዳ ሶኬት የሚሰካ የራሱን አዳፕተር አዘጋጅቶለት ነበር። ያ ካርድ ገበያ ሳይደርስ ኩባንያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ንብረቱን ለኢንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ፒሲአይ ኤክስፕረስ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬም የምንጠቀመው እሱን ነው። ይህ ስሎት ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ ገመድ ይሳባል፤ ባለ 6 ፒኑ ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምርለታል። ይቺን 75 የምትባል ቁጥር ያዙልኝ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ሽቅብ የሚወጣው ነው። በ2010 ጂቲኤክስ 480 ባለ 250 ዋት፣ በ2022 አርቲኤክስ 4090 ባለ 450 ዋት፣ በ2025 አርቲኤክስ 5090 ባለ 575 ዋት። ሁለተኛው መንገድ ድምፅ የለውም። በ2014 ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በ60 ዋት ብቻ ጌም ማጫወት ቻለ። በ2016 ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ75 ዋት፣ በ2019 ጂቲኤክስ 1650 እንዲሁ በ75፣ በ2022 የኤኤምዲው አርኤክስ 6400 በ53፣ በ2024 ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት ተከተሉት። ዩቲዩብ የሚጮኸው ስለ መጀመሪያው መንገድ ነው። እኛን የሚመለከተን ግን ሁለተኛው ነው።

ለምን? እጃችን ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ውጭ አገር ቢሮ አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንውሰድ። ትልቁ ካሳ ያለው ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው። ሲፒዩው አይ5 4590 ቢሆን 84 ዋት ይወስዳል። 75 ዋት ካርድ ስትጨምሩበት 159 ይሆናል፤ ለዲስኩም ለፋኑም በቂ ይተርፋል። አሁን ደግሞ አርኤክስ 580 እናስገባ፤ እሱ ብቻውን 185 ዋት ነው። ከሲፒዩው ጋር 269 ደረሰ፤ ጫፍ ላይ ነን ማለት ነው። የሚሰካበት ባለ 8 ፒን ገመድም ፓወር ሰፕላዩ ላይ የለም።

«ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረዋ!» ትሉኝ ይሆናል። የ9020 ማዘርቦርድ ዋናው መሰኪያ ባለ 8 ፒን ነው፤ ገበያ ላይ ያለው መደበኛው ፓወር ሰፕላይ ግን ባለ 24 ፒን ነው። አዳፕተር ገመድ ካልተገኘ አይገናኙም። ከመግዛታችሁ በፊት ካሳውን ከፍታችሁ ፒኑን ቁጠሩ።

ሞጣዎች፣ ለናንተስ ምሳሌው ቅርብ ነው። ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረው የዓባይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠ። የቀሩት ቅስቶች እንደቆሙ ነበሩ። ግን በዚያች አንዲት ክፍተት የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ ሰው በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ሲፒዩው ደህና፣ ራሙ ደህና፣ ካርዱ ደህና ሆኖ ፓወር ሰፕላዩ ካልቻለ ማንም አይሻገርም።

አርኤክስ 580 ለምን በርካሽ እንደሚገኝም ታሪክ አለው። ክሪፕቶ ማይነሮች በ2020 እና በ2021 ካርዱን ከገበያ ጠርገው ወሰዱት። ኢቴሪየም መስከረም 15 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) አሠራሩን ሲቀይር የማይኒንግ ካርድ ሥራ ፈታና ወደ ሰልባጅ ገበያ ጎረፈ። ከእነዚህ ውስጥ ቀን ከሌት ሲነዱ የኖሩ አሉ። ካርዱ ራሱ ርካሽ ቢሆንም ፓወር ሰፕላይ ያስገዛችኋል፤ ያኔ ርካሽነቱ ይጠፋል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። የውጭ ዕቃ ላይ የሚሠራ ስህተት ዋጋው እጥፍ ሆኗል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን አንብቡ፤ ካርዱ ቀጥሎ ይመረጣል። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ትልቁን «500 ዋት» አትመኑ፤ በ12 ቮልት መስመር ስንት አምፒር እንደሚሰጥ እዩ። 18 አምፒር ከሆነ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው፤ ካርዱና ሲፒዩው የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው።

ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትሰኩ። በኛ 220 ቮልት ላይ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይፈነዳል።

ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ምረጡ። ያገለገለ 1050 ቲአይ ጂቲኤ 5ንም ፊፋንም በደንብ ያጫውታል። 1650 ከሆነ አንዳንዱ ባለ 6 ፒን ስለሆነ አይታችሁ ግዙ። አርኤክስ 6400 አራት ሌን ብቻ ስለሚጠቀም በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ካሳችሁ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አጭሩን፣ «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለውን ጠይቁ።

የተረፈችውን ብር ስታቢላይዘር ላይ አውሉት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ ካርድ አይመርጥም።

ጌም ቤት ለሚከፍተው ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ሁለት 1050 ቲአይ፣ አንድ ደህና ስታቢላይዘር፣ የቀረው ለኪራይ። አባትህ የሰጡህ ጤፍ መጀመሪያ እንጀራ ይሁን፤ ትልቁ ካርድ ጌም ቤቱ ራሱ ሲከፍል ይገዛል።

እናንተስ ምን ገጠማችሁ? ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ የትኛው ካርድ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሠራላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ነገ ሊገዛ ለሚወጣ ወንድማችሁ ይጠቅመዋል።