ለአካል ብቃት የሚዋኙ ወንዶች የሚመች የዋና ልብስ እንዴት ይምረጡ?

ዋና የጉልበትና የወገብ ሕመም ላለባቸው፣ ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች ከሚመከሩ እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ውሃው የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም መገጣጠሚያዎችዎ ሳይጫኑ ልብዎና ሳንባዎ ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን ለ50 ደቂቃ መዋኘት ይህን ይሞላል።

ታዲያ ሐኪም ስለ ልብስ ምን አገባው ይሉ ይሆናል። አንድ ታካሚዬን ላንሳ። በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ነው፤ የደም ስኳሩ ከፍ ማለት ስለጀመረ እንዲዋኝ መከርኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ ክብደቱም ስኳሩም ያው ነው። ለምን እንዳቆመ ስጠይቀው መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ አለ። ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶክተር፣ እግሬን ገጥሜ መራመድ አቅቶኝ ነበር» አለኝ። ሳየው ብሽሽቱ በሁለቱም በኩል ተልጦ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩንም ፈንገስ ይዞታል። ይዋኝ የነበረው በኳስ ቁምጣ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የጥጥ ፓንት። ከውሃ ሲወጣም ልብሱን ሳይቀይር ገንዳው ዳር ሻይ ይጠጣ ነበር። ቅባቱን ጨርሶ፣ ልብሱን ቀይሮ ወደ ዋናው ተመለሰ። እንደ እሱ አፍረው ሳይናገሩ የሚያቆሙ ወንዶች ስለማጋጥም ነው ይህን የምጽፈው።

የኳስ ቁምጣና ፓንት ለምን አይሆንም?

ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፤ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። በውሃ የራሰ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ለስላሳና በቀላሉ የሚላጥ ነው። አንድ ሰዓት ሲዋኙ እግርዎ ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ ያስቡት። በእያንዳንዱ ምት የረጠበው የፓንት ጠርዝና ስፌት ያንኑ የብሽሽት እጥፋት ይፈትገዋል። ለባሕር ዳርቻ የተሠሩት ሰፋፊ የዋና ቁምጣዎችም ከዚህ ብዙም አይሻሉም። ውስጣቸው ያለው የመረብ ገበር ለመታጠብና ለመንሸራሸር እንጂ ደጋግሞ ለመዋኘት አይመችም።

ሌላም ጣጣ አለው። ሰፊ ቁምጣ ውሃ ውስጥ እንደ ከረጢት ይነፋና ወደኋላ ይጎትትዎታል። እግርዎ ወደ ታች ይሰጥማል፣ ለመንሳፈፍ አብዝተው ይራገጣሉ፣ ከዚያም ትንፋሽ ያጥርዎታል። አንዳንዱ ጀማሪ «አቅሜ አልቋል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ግማሹ ድካም ከቁምጣው መሆኑን ሳያውቅ ነው።

ብዙ ገንዳዎች ፓንት ለብሶ መግባት የሚከለክሉትም በከንቱ አይደለም። ከላብ፣ ከሽንትና ከመሳሰሉት ቆሻሻዎች ጋር ክሎሪን ሲዋሃድ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ዓይን የሚያቃጥለውና «ክሎሪኑ በዛ» የሚያሰኘው ሽታ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ልብስ ከመቀየር በተጨማሪ ከመግባትዎ በፊት ሰውነትዎን ይታጠቡ።

የትኛውን ቅርጽ ልምረጥ?

ለዋና የሚሆነው ልብስ ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ነው። በሱቅ የሚያገኟቸው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ እንደ ፓንት አጭር የሆነው፣ እንደ ቦክሰር የጭንን ጫፍ የሚሸፍነው፣ እና ብስክሌት ጋላቢዎች የሚለብሱትን የሚመስለው፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያበቃው። የመጨረሻው ጃመር ይባላል።

ለአብዛኛው ጀማሪ የምመክረው ጃመርን ነው። ምክንያቱም የውስጥ ጭንን ስለሚሸፍን ጭንና ጭን አይፋተጉም፤ ወፈር ላሉ ሰዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የእግሩ ጠርዝም ብሽሽት ላይ ሳይሆን ከዚያ ርቆ ጭን ላይ ያርፋል። አጭሩ ልብስ ለመንቀሳቀስ ይቀላል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ግን ላስቲኩ የሚያርፈው ልክ ብሽሽቱ እጥፋት ላይ ስለሆነ ልኩ ትንሽ ከሳተ ያላጣል። በእምነት ወይም በልማድ ምክንያት ከእምብርት እስከ ጉልበት መሸፈን ከፈለጉ ወገቡ ከፍ ያለና ጉልበትን የሚያልፍ ልብስ ይፈልጉ። የሰውነት ቅርጽ መታየቱ ከከበደዎ ደግሞ ከጃመሩ ላይ ስስ የናይለን ቁምጣ ይደርቡ። ትንሽ ይጎትትዎታል፤ አፍሮ ከመቅረት ግን ይሻላል።

ውድ የውድድር ልብስ አያስፈልግዎትም። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድሮች ወንዶች የሚለብሱት ከእምብርት በላይና ከጉልበት በታች እንዳያልፍ፣ ከጨርቅም ብቻ እንዲሠራ ተደንግጓል። እነዚህ ልብሶች በጣም ጠባብ፣ ለመልበስም ደቂቃዎች የሚፈጁ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። ለጤና ለሚዋኝ ሰው ትርጉም የላቸውም።

በነገራችን ላይ፣ ረጅም ልብስ ከቢልሃርዚያ አይከላከልም። ጣና ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ከዋኙ ጥገኛው ተሕዋስ በየትኛውም የተጋለጠ ቆዳ ሊገባ ይችላል። በዚያ የሚዋኙ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ምርመራም ሕክምናም አለው።

ልኩን እንዴት አውቃለሁ?

ደረቅ ሆኖ ሲለብሱት ጥብቅ ማለት አለበት፤ ውሃ ሲነካው ይለጠጣልና። ደረቅ ሆኖ «ምችት» ያለዎት ልብስ ገንዳ ውስጥ የሚሰፋ ነው። ሲለኩ ቁጢጥ ይበሉ፣ አንድ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ያንሱ፣ ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ይዘርጉ። ወገቡ ከወረደ ሰፍቷል። እግሩ ከተጠቀለለ ወይም ብልትዎ አካባቢ ከጨመቀዎ ጠቧል። የወገብ ክሩ ልብሱ እንዳይወልቅ መያዣ ነው እንጂ የሰፋውን ማጥበቢያ አይደለም። አጥብቀው የሚያስሩት ከሆነ ሆድዎን ይቆርጥዎታል፣ ትንፋሽ ሲስቡም ያስቸግርዎታል።

ካወለቁት በኋላ ቀላ ያለ የላስቲክ ምልክት ቢታይ ችግር የለውም። ምልክቱ ጎድጎድ ብሎ ለሰዓታት ከቆየ፣ ወይም ጭንዎ ከደነዘዘ ግን አንድ ቁጥር ከፍ ያድርጉ። ብሽሽትዎ ላይ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ብቅ የሚል እብጠት ካለ ልብሱን ከመምረጥዎ በፊት ይመርመሩ። ቡአ ሊሆን ይችላል፤ ጠባብ ልብስ ደብቆ ይይዘዋል እንጂ አያድነውም።

ውስጡን ገልብጠው ስፌቱን በጣትዎ ይዳብሱ። በብሽሽት በኩል የሚያልፈው ስፌት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ጣትዎን የሚቧጭር ስፌት ቆዳዎንም መቧጨሩ አይቀርም። ከፊት በኩል ገበር ያለውን ይምረጡ። ነጭና ፈዛዛ ቀለም ሲረጥብ ውስጥ ያሳያል።

ስለ ጨርቁ

ናይለንና ላይክራ የተቀላቀለበት ለስላሳና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ክሎሪን ላይክራውን እየበላው ይሄዳል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን የሚዋኙ ከሆነ ፖሊስተር የበዛበት ይሻላል። መጀመሪያ ደረቅ ቢልም ዕድሜው ይረዝማል።

ሳልቫጅ የሚገዙ ከሆነ መቀመጫው ላይ ያለውን ጨርቅ ወጥረው ወደ ብርሃን ይያዙት። ከሳሳ፣ ነጫጭ የላስቲክ ክሮች ከወጡበት፣ ወይም ሲለቁት ወደ ቦታው ካልተመለሰ ይተዉት። እውነቱን ለመናገር፣ ያገለገለ የዋና ልብስ ባይገዙ እመርጣለሁ፤ ከገዙ ግን በሳሙና አጥበው በደንብ ሳያደርቁ አይልበሱት።

ጠባብ ልብስ መካን ያደርጋል?

ወንዶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው። የዘር ፍሬ የወንድ ዘርን በደንብ የሚያመርተው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ የሚለበስ ጠባብ የውስጥ ልብስ ሙቀቱን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለአንድ ሰዓት፣ ያውም ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥ የሚለበስ የዋና ልብስ ግን የሚያሳስብ አይደለም። ይልቅ ልጅ እየሞከሩ ከሆነ በፍልውሃ፣ በሳውና ወይም በሙቅ ገንዳ ውስጥ ደጋግሞ ለረጅም ጊዜ መቆየትን ይቀንሱ። ሙቀት የዘር መጠንን ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። አዲስ ዘር ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚወስድ ማገገሙም ወራት ይፈልጋል።

ከውሃ ሲወጡ

የታካሚዬ ችግር ግማሹ እዚህ ላይ ነበር። ልብሱን ወዲያው ያውልቁ፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፣ ብሽሽትዎን በፎጣ እየጫኑ ያድርቁ፤ አይፈትጉት። የእግር ጣቶችዎ መካከል የሚያሳክክ ወይም የሚላላጥ ነገር ካለ ፓንት ከመልበስዎ በፊት ካልሲ ያድርጉ። ፓንቱ እግርዎን እየነካ ሲወጣ ፈንገሱን ወደ ብሽሽት ይወስደዋልና። ፎጣም አይዋዋሱ።

የዋና ልብሱን በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቀው ጥላ ላይ ያስጡ። በረኪናና ሙቅ ውሃ ላስቲኩን ይገድሉታል። በፌስታል ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ማሳደር ለልብሱም ለቆዳዎም መጥፎ ነው። ቀደም ብሎ የመላጥ ችግር ካለብዎ ከመዋኘትዎ በፊት ስስ ቫዝሊን ይቀቡ።

ሽፍታ ከወጣስ?

ልብሱ በሚነካበት መስመር ላይ ብቻ የሚያቃጥል መላጥ ከሆነ ለጥቂት ቀናት አርፈው ቫዝሊን ቢቀቡ ይድናል። ዳሩ ቀይና ከፍ ያለ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ከሆነ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጭንና ብሽሽትን ይዞ የዘር ፍሬ ከረጢቱን ይተዋል። ክሎትሪማዞል ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሽፍታው ዳር ትንሽ አልፈው ይቀቡ። ከጠፋ በኋላም ለአንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥሉ። ከፋርማሲ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበትን ቅባት በግምት ገዝተው አይቀቡ። ስቴሮይድ ማሳከኩን ያበርደዋል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ የብሽሽት ቆዳም ይሳሳል። ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። ፈንገሱ እየዳነ የሚመለስብዎ ከሆነ የደም ስኳርዎን ይለኩ።

ከሙቅ ገንዳ በወጡ በ12 እና በ48 ሰዓት መካከል በልብሱ ሥር ትናንሽ መግል የያዙ ፍንጣቂዎች ከወጡ የፀጉር ሥር ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ትኩሳት ከጨመረ ግን ሐኪም ይይዎት።

የዘር ፍሬዎ ላይ ሕመም የሌለው እብጠት ከዳበሱ በዚያው ሳምንት ይታዩ። ድንገተኛና ከባድ የዘር ፍሬ ሕመም፣ በተለይ ማቅለሽለሽ ካለው፣ «ልብሱ ጨምቆኝ ይሆናል» ብለው አይደሩበት። የዘር ፍሬው ተጠምዝዞ ደም አጥቶ ሊሆን ስለሚችል በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል መድረስ አለብዎ።