አቡ ሲምበል፦ የድንጋዩና የሰው ዝውውር

ዳግማዊ ራምሴስ በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ሁለቱን የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከገደሉ ያስፈለፈለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። ሥራው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የቆመ ሕንፃ ሳይሆን፣ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በታላቁ ቤተ መቅደስ ፊት እያንዳንዳቸው 20 ሜትር ያህል የሚረዝሙ አራት የንጉሡ ምስሎች ተቀምጠዋል፤ ውስጡም 60 ሜትር ያህል ወደ ተራራው ይዘልቃል። በዘመናት ብዛት አሸዋ ደፍኖት ስለ ነበር፣ ስዊሳዊው ቡርክሃርት በ1813 እስኪያየውና ኢጣሊያዊው ቤልዞኒ በ1817 አስጠርጎ እስኪገባበት ድረስ ለውጩ ዓለም እንደሌለ ተቈጥሮ ኖረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የአስዋን ታላቅ ግድብ ሥራ በ1960 ሲጀመር ቤተ መቅደሶቹ ከሚፈጠረው ሐይቅ በታች እንደሚቀሩ የታወቀ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዩኔስኮ ለዓለም ጥሪ አደረገ፤ መሐንዲሶችም ሐሳባቸውን ይዘው ቀረቡ። አንደኛው ሐሳብ ቤተ መቅደሶቹን ባሉበት ትቶ በዙሪያቸው ሌላ ግድብ መሥራት ነበር። ኢጣሊያኖቹ በበኩላቸው ተራራውን ቈርጦ በመቶ ሺሕ የሚቈጠረውን ቶን ባንድነት በጃክ ወደ ላይ ለማንሣት አሰቡ። እንዲያውም በጠራ ውኃ ውስጥ ይቀመጥና ሰው ወርዶ ይየው ያሉም ነበሩ። ገንዘቡና ጊዜው የፈቀዱት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራውን ነው፤ ይኸውም ቈራርጦ ማንሣትና እንደገና መገጣጠም።

ሥራው ከ1964 እስከ 1968 ተካሄደ። ውኃው መሙላት ጀምሮ ስለ ነበር በቅድሚያ ጊዜያዊ መከላከያ ግድብ ተሠራ። በቍፋሮ ጊዜ ናዳ እንዳይጐዳቸው ምስሎቹ እንደገና በአሸዋ ተቀበሩ፤ በውስጥ በኩልም ጣሪያው በብረት ተደገፈ። ከዚያም ከጣሪያው በላይ ያለው ተራራ ተነሣ። በሚታየው ገጽ ላይ የመጋዙ ስንጥቅ ከ6 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለ ነበር፣ ይህን ክፍል የእብነ በረድ ቈራጮች በእጅ መጋዝ ሠሩት። የአሸዋ ድንጋዩ ልል ስለሆነ በገመድ ታስሮ ሊነሣ አይችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክፋይ ተበስቶ የብረት ዘንግ በኬሚካል ሙጫ ተተከለበትና በዚያ ተይዞ ተነሣ። ከ1,000 በላይ የሆኑት ክፋዮች፣ ከባዶቹ እስከ 30 ቶን የሚመዝኑ፣ ቍጥር እየተሰጣቸው ተጓጓዙ። አዲሱ ቦታ ከቀድሞው 65 ሜትር ከፍ፣ 200 ሜትር ያህልም ከወንዙ ፈቀቅ ያለ ነው። ወጪው 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን 50 ያህል አገሮች ረድተዋል።

ዛሬ ወደ ስፍራው የሚሄድ ጐብኚ ሰው ሠራሹን ኮረብታ ከጀርባው ዞሮ ነው ወደ ምስሎቹ ፊት የሚደርሰው። ይህ ጸሐፊ ከሁሉ በላይ የተደነቀው በኮረብታው ነው፤ ከላይ አፈርና ድንጋይ ቢለብስም፣ ክብደቱን ከቤተ መቅደሱ ላይ ተሸክሞ የሚያሳርፈው 60 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአርማታ ጉልላት ነው። መገጣጠሚያዎቹን ቀርቦ ካልፈለጉ ማግኘት ያስቸግራል። በጥንት ዘመን የወደቀው የሁለተኛው ምስል ራስና ደረትም ወድቆ በነበረበት አኳኋን እግሩ ሥር ተቀምጧል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በጥቅምት፣ የፀሐይ መውጫ ብርሃን እስከ መቅደሱ መጨረሻ እንዲዘልቅ የነበረው አቅጣጫም ተጠብቋል።

ይህ ዘመቻ ዓለም አቀፉን የ1972 የቅርስ ስምምነት ለመውለድ ረድቷል፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮችም በ1978 በመጀመሪያው መዝገብ ከገቡት 12 ስፍራዎች መካከል ናቸው።

ነገር ግን በዚያው ሐይቅ ምክንያት፣ በዚያው ዓመታት ሌላ ዝውውር ተካሂዷል፤ የጕብኝት መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል። በግብፅ 50,000 ያህል፣ በሱዳንም የዚያኑ ያህል ኑቢያውያን ቀያቸውን ለቀቁ። ከግብፅ በኩል ለነበሩት ውኃ ሲያሳድዳቸው የመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም፤ በ1902 የተጠናቀቀው የቀድሞው የአስዋን ግድብ በ1912ና በ1933 ከፍ በተደረገ ቍጥር ቤታቸውን ወደ ላይ እያሸሹ ሠርተዋል። በ1963ና በ1964 ግን ከወንዙ ዳር ተነሥተው ከአስዋን በስተሰሜን ወደ ኮም ኦምቦ ተወሰዱ። ከመሄዳቸው በፊት መቃብራቸውን ተሰናብተዋል።

የኑቢያ ግንበኞች የጭቃ ጡብ ጣሪያን ያለ አንዳች የእንጨት ድጋፍ በቅስት ማቆም የሚችሉ ናቸው፤ እያንዳንዱን ረድፍ ጋደል አድርገው ከኋላው ባለው ላይ ስለሚያስደግፉ፣ ቅስቱ እስኪዘጋ ድረስ ጭቃው ራሱ ይይዘዋል። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ ይህን ጥበብ ከእነርሱ ተምሮ ለዓለም አሳውቋል። በኮም ኦምቦ የተሰጣቸው ቤት ግን በመስመር የተደረደረ፣ እንደ ክፍሉ ብዛት በየሰፈሩ የተመደበ ነበር። ባለ አንድ ክፍሉ ባንድ ወገን፣ ባለ አራቱ በሌላ ወገን ስለሆነ፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ባለ አንድ ክፍል ሲደርሳት ከልጆቿ ራቀች። በፕላን ወረቀት ላይ ይህ ምደባ ንጹሕና ቈጣቢ ይመስላል፤ እኛም ብንሆን ሳናቅማማ የምንፈርምበት ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ጐረቤቱ የትኛው እንደሆነ የተመዘገበበት ዘመን መሆኑን ስናስብ ነው የሚከብደው።

የሱዳኖቹ ዕጣ ደግሞ እኛን በቅርብ ይነካል። የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ከ1964 መባቻ ጀምሮ በባቡር ተጭነው የተወሰዱት በአትባራ ወንዝ ዳር ወዳለው ኻሽም ኤል ጊርባ ነው፤ ውኃው የእኛው የተከዜና የአንገረብ ውኃ ነው። ዝናብ እምብዛም ከማያውቀው በረሓ የመጡት ሰዎች የክረምት ዶፍና ወባ ጠበቃቸው። መንደሮቻቸውም በቍጥር ተሰየሙ። ለእርሻቸው መስኖ የተሠራው ግድብ ከደጋችን በሚወርደው ደለል እየተሞላ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህል የመያዝ አቅሙን አጣ።

ሁሉም ግን አልሄዱም። ጥቂቶች ዋዲ ሐልፋን አንለቅም ብለው ቀሩ፤ ውኃው ከፍ ሲል ጐጇቸውን እየነቀሉ ወደ ላይ ያፈገፍጉ፣ ደግሞም ሲከተላቸው እንደገና ይነቅሉ ነበር። መሐንዲስም ፕላንም ሳይኖራቸው ዳርቻውን ተከትለው የተከሏት ከተማ በዚያው ስም ዛሬም በሐይቁ ዳር አለች።