የምናባዊ ዓለም ሰርቨርን በውስጥ ኔትወርክ ማቋቋምና ማስተዳደር

ኦፕንሲሙሌተር ተጠቃሚዎች በጋራ ገብተው የሚገነቡበትንና የሚነጋገሩበትን ምናባዊ ዓለም ለመፍጠር የሚያስችል፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ኢንተርኔት ባይኖርም በውስጥ ኔትወርካቸው ሊገለገሉበት ይችላሉ።

ዝግጅት

1. ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል።
2. በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ያለው 127.0.0.1 አድራሻ በሰርቨሩ የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ ይተካል፤ ካልተተካ ከሌላ ኮምፒውተር መግባት አይቻልም።
3. ፖርት 9000 ለውስጥ ኔትወርኩ ብቻ ይከፈታል፤ ለውጭ ኢንተርኔት ዝግ ሆኖ ይቆያል።
4. ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ መለያና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል።
5. ተጠቃሚዎች ለኦፕንሲሙሌተር በተዘጋጀው የፋየርስቶርም ስሪት ይገባሉ።

አስተዳደር

ሰርቨሩ በተቋሙ እጅ በመሆኑ የተጠቃሚዎችን ሥራ የመጠበቅ ኃላፊነትም የተቋሙ ነው። ኦኤአር የተባለው የመጠባበቂያ ፋይል የአንድን ቀጣና መሬትና በላዩ የተገነባውን ይይዛል፤ የተጠቃሚ መለያዎችንና የግል ዕቃዎቻቸውን ግን አይጨምርም። ስለሆነም ሰርቨሩ በሥርዓት ከተዘጋ በኋላ የመረጃ ቋቱም ጭምር ተገልብጦ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ማከማቻ መቀመጥ ይኖርበታል። ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ የመረጃ ቋቱን ሊያበላሽ ስለሚችል ሰርቨሩን ከዩፒኤስ ጋር ማገናኘት ይመከራል።